ለቅሶ ቤት የደረሰ ስለት

አንድ ምክር ልለግሳችሁ። ስትሳሉ ቦታ ለዩ። ከተቻለም ከመሳላችሁ በፊት ቁርስ ብሉ፤ ባዶ ሆድ የሚናገረውን አያውቅም። ይህን የምላችሁ መካሪ ሆኜ አይደለም። መካሪ ብሆን ኖሮ መጀመሪያ ራሴን እመክር ነበር።

እኔ ሙስካት ውስጥ፣ አል ሙዋሌህ በሚባለው ሰፈር፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ይቅለለኝ። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሥራውን ሲጨርስ የሚጮኸው ጩኸት ያስደነግጠኛል፤ ያስነሳሁት እኔው ራሴ ሆኜ። ማዳምን እፈራለሁ። ማዳም ክፉ ሆና አይደለም፤ አትናገርም። የማይናገር ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም፣ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን አስብላታለሁ። ዝም ብላ ሻይዋን ስትጠጣ "ዛሬ ወደ አገሯ ልመልሳት ይሆን እያለች ነው" እላለሁ። ቀና ብላ "ስኳር ጨምሪ" ስትለኝ "ተመስገን ጌታዬ!" ብዬ እሮጣለሁ። በቀን ውስጥ ስንቴ ተመስገን እንደምል ብታውቁ ጻድቅ ትሉኝ ነበር። ፍርሃት ነው እንጂ ጽድቅስ አይደለም።

ከማዳም በላይ ግን የምፈራው ስለት ነው። ይህንን ፍርሃት ከደብረ ብርሃን ይዤው ነው የመጣሁት። ሰፈራችን እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ። ልጃቸው ከሕመሙ ቢድንላቸው ለቤተክርስቲያን ምንጣፍ ሊያስገቡ ተሳሉ። ልጁ ዳነ። ምንጣፉም ተገዛ። ታዲያ ቤት አምጥተው ሲዘረጉት አማራቸው። "እስከ በዓሉ ድረስ እኔው ጋ ይቆይ፣ እዚያ አይጥ ይበላዋል" ብለው ሳሎናቸው አነጠፉት። የዚያን ክረምት ጣራው አፈሰሰ። ሌላ ቦታ አይደለም፣ ልክ ምንጣፉ ላይ። ወደ ጓዳ ቢያዛውሩት ጓዳው አፈሰሰ። በመጨረሻ የራሰውን ምንጣፍ ተሸክመው እያለቀሱ ወደ ቤተክርስቲያን ሲሮጡ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ስለት ሲያወራ ሳላስበው ቀና ብዬ ጣራ አያለሁ።

እንግዲህ እንዲህ የምፈራ ሰው ለምን ተሳልኩ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳትሉኝ፤ ቸግሮኝ ነው። ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች። የመጀመሪያ ፅንሷ ጠፍቶባታል፣ በዚህኛው ደግሞ ደም ግፊት አለባት ተብሏል። ማታ ገብታ ሲነጋም አልተገላገለችም። እናታችን የለችም፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እጇን እንደመያዝ ሙስካት ላይ ቁጭ ብዬ የሰው መታጠቢያ ቤት እፈትጋለሁ። ብሩሹን እንደያዝኩ ተንበረከኩ። ለነገሩ ቀድሞም ተንበርክኬ ነበር።

ምን ልሳል? ጃንጥላ እንዳልሳል ቤተክርስቲያን የምሄደው ማዳም ስትፈቅድ፣ ያውም ዓርብ ዓርብ ነው። እዚህ ዝናብ ብርቅ ነው እንጂ ጃንጥላ ብርቅ አይደለም፤ ሁሉም ጃንጥላ ስለሚሳል ከምዕመኑ ጃንጥላው ይበዛል። እልልታ በቤተክርስቲያን እንዳልሳል፣ ጊቢውን ከሌላ አገር ክርስቲያኖች ጋር በየተራ ነው የምንገለገልበት፤ ምስጋናችን ሲሞቅ ተረኞቹ መጽሐፋቸውን ይዘው በር ላይ ሰዓት ያያሉ። አንዴ አንዷ እህት እልልታዋን ጀምራ ሳትጨርስ መብራት አጥፍተውባታል። ስለዚህ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። "ጉሮሮ ከኔ ጋር ነው፣ ፈቃድ አይፈልግ፣ ታክሲ አይፈልግ" አልኩና እንዲህ ብዬ ተሳልኩ፦

"እመቤቴ ማርያም፣ እህቴን ከነልጇ በሰላም ብትምሪልኝ፣ ወሬውን በሰማሁበት ቦታ፣ የትም ልሁን የት፣ እግሬን ሳላነሳ ሦስት ጊዜ እልል እላለሁ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የኔ እንኳ አፋፍ አይደለም፣ ገደል ነው።

ብሩሹን ሳላስቀምጥ ማዳም በሩን ከፈተችው። ጥቁር ዓባያ ለብሳለች።

"ያላ፣ ልበሺ። ማትራህ እንሄዳለን። ኻላ ዙወይና ቤት ብዙ ሰው አለ፣ ወጥ ቤት ታግዣለሽ።"

ኻላ ዙወይና የማዳም አክስት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ለቅሶ ቤት! ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ማዳም ብሩሹን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ዝም አለች። በልቧ አባረረችኝ ብዬ አሰብኩ።

ስልኬን ደረቴ ውስጥ ወሸቅኩት። ለቅሶ ቤት ስልክ እንዳይጮህ ድምፁን አጥፍቼ መንቀጥቀጡን ብቻ ተውኩለት። ይህም ሌላ ስህተት ነው። የኔ ልብ ያለማንም እርዳታ ራሱን ችሎ የሚንቀጠቀጥ ነውና መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ይሄ ስልኬ ነው ልቤ ነው እያልኩ መንገዱን ሁሉ ተሳቀቅኩ። ሬዲዮው ቁርዓን ይቀራል። ማዳም ዝም ብላ ትነዳለች። ወሬው አሁን ቢመጣ እዚሁ፣ ከጆሮዋ ሥር፣ ቁርዓን እየተቀራ እልል ልል ነው። ፈራሁና ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። "እመቤቴ፣ አደራሽን አሁን አይሁን፣ ትንሽ ቆይ በያት።"

ጸሎቱ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምን እንዳልኩ ገባኝ። እህቴ ምጥ ላይ ናት፣ እኔ ቆይ አስብላታለሁ! "አይ፣ አይ፣ አይቆይ! ቶሎ ይሁንላት!" አልኩ። ወዲያው ደግሞ መኪናው ውስጥ መሆኔ ትዝ አለኝና "ግን ማትራህ እስክንደርስ..." አልኩ። እመቤታችን ያን ቀን እኔን ሰምታ ቢሆን ኖሮ እህቴ እስከ ዛሬ ምጥ ላይ ነበረች።

ኻላ ዙወይና ቤት ደረስን። ከባሕር ዳሩ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ሴቶቹ በትልቁ ሳሎን ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጥቁር በጥቁር ሆነው፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እኛ አገር ለቅሶ ቤት ጩኸት አለ፣ ሙሾ አለ፤ አንዲት እልልታ ብታመልጥ እንኳ በመሃል ትጠፋለች። እዚህ ግን ዝም ነው። ሰው ገብቶ ቀስ ብሎ ያጽናናል፣ "አልሐምዱሊላህ በይ" ይላቸዋል፣ ኻላ ዙወይናም "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ፣ ከዚያ ዝም። ተምር ሲታኘክ ይሰማል።

ወጥ ቤት ሰዓዳን አገኘኋት። ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት፣ የኻላ ዙወይና ሠራተኛ። ሲያዩዋት የምታስቅ፣ ሚስጥር ስትይዝ ደግሞ ፊቷ እንደ በርበሬ የሚቀላ ሴት ናት። ጉዴን ነገርኳት።

"ወላሂ?" አለች አፏን ይዛ። "ለቅሶ ቤት? እልልታ? ያረቢ! አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ሌላ የምትሳይው አጣሽ?"

"እሱን አሁን ተይው። ምን ላድርግ?"

"ወሬውን አትስሚ።"

እውነቷን ነው! ስለቱ የሚይዘኝ ስሰማ ነው። ካልሰማሁ ነፃ ነኝ። በዚህ ተጽናንቼ የተምሩን ትሪ ይዤ ሳሎን ገባሁ። ከአንዲት ወፍራም ሴትዮ ፊት ጎንበስ እንዳልኩ ደረቴ ተንቀጠቀጠ። ልቤ አልነበረም። አንድ ተምር ከትሪው ተንከባሎ ሴትዮዋ ጉልበት ላይ ወደቀ። እንደገና ተንቀጠቀጠ። እንደገና። የእህቴ ባል ደረጀ መልእክት ሲጽፍ እንደዚህ ነው፤ ሁለት ቃል ጽፎ ይልካል፣ አስቦ ሁለት ቃል ይጨምራል። ስሙን ለማስረዳት ሦስት መልእክት የሚፈጅበት ሰው ነው።

አሁን እዩልኝ ስቃዬን። እህቴ ትሙት ትዳን ደረቴ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ባየው መዓት ነው፣ ባላየው ልሞት ነው። ትሪውን ጥዬ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩና ስልኩን ለሰዓዳ ወረወርኩላት።

"አንቺ አንብቢው! ለኔ ግን እንዳትነግሪኝ። ደህና ናት አይደለችም የሚለውን ብቻ... አይ፣ እሱንም አትንገሪኝ። ፊትሽንም አዙሪ!"

ሰዓዳ ፊቷን ወደ ማቀዝቀዣው አዙራ አነበበች። እኔ ሁለት ጆሮዬን ይዤ ትከሻዋን አያለሁ። ትከሻዋ ዘለለ። ያ ትከሻ ምን ማለቱ ነው? ያለቀሰች መስሎኝ ጆሮዬን ለቀቅኩት።

"ሰዓዳ? በአላህ፣ ምን ሆነች?"

ዞረች። እንባም ሳቅም ፊቷ ላይ ተደባልቋል። "እንኳን ማርያም ማረቻት!" አለችኝ፤ የወሎዋ ሰዓዳ፣ በሙስሊም አፏ። "ተገላግላለች! ወንድ ነው!"

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ደስታው ግን ብልጭ ብሎ ነው ድርግም ያለው፤ እግሬን አየሁት። ከምድጃውና ከመታጠቢያው መሃል ቆሜያለሁ። ሳሎን ከአንድ ቀጭን በር ወዲያ ነው።

"ወንድ ከሆነማ እኛ አገር ሰባት ነው የሚባለው" አለች ሰዓዳ።

"ዝም በይ! አትጨምሪብኝ!"

"በልብሽ በይው በቃ፣ አላህ ልብ ያያል።"

"እሱማ ያያል። እኔ ግን የተሳልኩት በጉሮሮ ነው።"

እንግዲህ እንዲህ እየተከራከርን ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሰዓዳ አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ሲጠፋ አየሁ። ስልኩን ልትደብቀው ስትል ነጠቅኳት። ደረጀ እንደ ልማዱ ነው። "እሷ ደህና" ይላል አንዱ። "ልጁ ግን" ይላል ሁለተኛው። ሦስተኛው "አላለቀሰም" ይላል።

አላለቀሰም።

ስትስቁ የነበራችሁ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ እኔም ያን ጊዜ ሳቄ ሄዷል። የእትዬ ጥሩነሽ ጣራ መጣብኝ። እመቤታችን የበኩሏን አድርጋ እህቴን ማረቻት፣ እኔ ደግሞ ለእንጀራዬ ፈርቼ የሷን ምስጋና ጉሮሮዬ ውስጥ ቀብሬ ቆሜያለሁ። እኔ እልል ሳልል ልጁ ለምን ያልቅስ? እንዲህ ነው ያሰብኩት። አምላክ እንደኔ ቂመኛ እንዳልሆነ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ያ ሕፃን የያዘው ትንፋሽ የኔን አፍ የሚጠብቅ መሰለኝ።

"ሰዓዳ፣ ልለው ነው" አልኳት ስልኩን ደረቴ ውስጥ መልሼ እየወሸቅኩ።

"እብድ ነሽ? ያባርሩሻል! እኔንም ጨምረው!"

"ልለው ነው አልኩሽ! የምታፈኚበት ነገር ስጪኝ። እግሬን ማንሳት አልችልም።"

ሰዓዳ ዞር ዞር አለች። ፎጣ ሰጠችኝ፣ አጭር ነው። ትራስ ልታመጣ ብትል ሳሎን ነው ያለው። በመጨረሻ ጥጉ ላይ ዓይኗ አረፈ። ለለቅሶ ሩዝ የተቀቀለበት፣ ሁለት በግ የሚውጥ ትልቅ ድስት አለ። ባዶ ነው፣ ገና አልታጠበም። እግሬን እንዳላነሳ እየጎተተች እኔ ወዳለሁበት አመጣችው። ጭንቅላቴን አስገባሁ። ሄልና የበግ ስብ ይሸታል፤ ከግንባሬ ሩዝ ተጣበቀ። "እመቤቴ፣ ይቅር በይኝ፣ ያለኝ ቦታ ይሄ ነው" አልኩና ለቀቅኩት።

"እልልልልልልልል!"

የድስት ጠባይ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ድስት አጥቤ ድስት ድምፅ እንደሚያጎላ እንዴት አላወቅኩም! ያን የሚያህል ናስ ውስጥ ገብታ እልልታዬ ሰባት ሴት ሆና ወጣች። የራሴ ጆሮ ደነቆረ። ግን አንዴ ጀምሬያለሁ፤ ያ ሕፃን አላለቀሰም። ሁለተኛውን ከፊተኛው አስበልጬ ለቀቅኩት። ለሦስተኛው ትንፋሽ ስስብ ሰዓዳ ቀሚሴን ስትጎትት ተሰማኝ። ከዚያ ዝምታው ተሰማኝ። ከሳሎን ተምር የሚያኝክ እንኳ የለም።

ጭንቅላቴን አወጣሁ። በሩ ላይ ማዳም ቆማለች። ከኋላዋ ከዘራቸውን የተመረኮዙ ኻላ ዙወይና አሉ። ከሳቸው ኋላ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ሳሎኑ በሙሉ ተነሥቷል።

"ሹ ሃዳ?" አለች ማዳም። ምንድን ነው ይሄ? ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከፍ ብታደርግ ይሻለኝ ነበር።

ዓረብኛዬ ጥሎኝ ጠፋ። "ኡኽቲ..." አልኩ፣ እህቴ ለማለት። "ቤቢ... ማፊ ያልቅስ... እኔ..." አልኩ፣ አላለቀሰም ለማለት። ከዚያ እኔው ማልቀስ ጀመርኩ። ሩዙ ከግንባሬ እየወደቀ፣ በባዕድ ለቅሶ ቤት፣ በማላውቃቸው ሟች ሐዘን ላይ እልል ብዬ ማልቀስ። ሻንጣዬ ታየኝ። የሰቀልኩት ልብስ ሳይደርቅ ወደ አውሮፕላን ስሄድ ታየኝ።

ሰዓዳ ናት የደረሰችልኝ። በዓረብኛ ተናገረች፤ እህቷ ወለደች፣ ልጁ ድምፅ አላሰማም፣ ይቺ ደግሞ ነዝር አለባት፣ ካልፈጸመች ትፈራለች አለቻቸው። ነዝር ማለት ስለት ነው። ቃሉን ስትሰማ ማዳም ኻላ ዙወይናን ዞራ አየቻቸው። ኻላ ዙወይና ከዘራቸውን እያስቀደሙ ወደኔ መጡ። ሊመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ደረቴ ተንቀጠቀጠ።

አሮጊቷ እጃቸውን ዘረጉ። "ክፈቺው" አሉ። ስልኩን አውጥቼ ለሰዓዳ አቀበልኳት። ሰዓዳ ከፈተችው። ደረጀ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ መጻፍ ትቶ ድምፁን ልኳል። መጀመሪያ ኮቴ ተሰማ፣ የሰው ጫጫታ ተሰማ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የተናደደ፣ ጉሮሮ የሚሰነጥቅ ለቅሶ ወጥ ቤቱን ሞላው። ደረጀም ከጎኑ እንደ ሕፃኑ እየተንሰቀሰቀ "አለቀሰ! አለቀሰ!" ይላል።

ኻላ ዙወይና ስልኩን ከሰዓዳ እጅ ወሰዱና ጆሯቸው ላይ አስጠጉት። "ድገሚው" አሉ። ሰዓዳ ደገመችው። ሲያልቅ "ድገሚው" አሉ። ሦስተኛው ላይ አገጫቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እየገባ አልሐምዱሊላህ በይ ይለኛል" አሉ ወደ ሴቶቹ ዞረው። "በአፌ እላለሁ። ልቤ አላለውም ነበር።" ከዚያ የተጨማደደ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ፣ ሩዙ ላይ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ሴቶቹም ከኋላቸው ተቀብለው በአንድ ድምፅ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ገሚሶቹ ስለምን እንደሆነ ያወቁ አይመስለኝም። ለደብረ ብርሃን አንድ ሕፃን ሳሎን ሙሉ የማትራህ ሴት ሲያመሰግንለት ሰማሁ።

በዚህ የሚያልቅ መስሏችሁ ከሆነ ማዳምን አታውቋትም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ድስቱን ሳጥብ አልተናገረችኝም። ስንወጣ አልተናገረችኝም። አክስቷ ይቅር ቢሉኝ የደመወዜ እመቤት እሷ ናት፤ በዘመዶቿ ሁሉ ፊት ያሳፈርኳት እሷን ነው። መኪና ውስጥ ገባን። በባሕሩ ዳር አለፍን። መስኮቷን ከፍታ ነፋሱ ሻሿን ይመታዋል፣ ሬዲዮው ቁርዓኑን ይቀራል፣ እሷ ዝም። ነገ ነው የምትልከኝ ወይስ ዛሬ? የሁለት ወር እንኳ ሠርቼ ለአራሷ ገንፎ መላክ በቻልኩ። ያ ሁሉ ሳያንስ እግሬን አንስቻለሁ፣ ሦስተኛዋ እልልታ ሳትወጣ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራለች። እመቤታችን ሁለቱን ተቀብላ አንዷን ትተውልኝ ይሆን እያልኩ የመኪናውን ጣራ ቀና ብዬ አየሁ።

አል ሙዋሌህ ልንደርስ ስንል ቀይ መብራት ያዘን።

"ስንት ነበር ነዝርሽ?" አለች ማዳም። ፊቷን አላዞረችም።

ደነገጥኩ። "ሦስት፣ ማዳም።"

"እኔ የሰማሁት ሁለት ነው።"

እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን አጠፋች። የሷን መስኮት ዘጋች፣ የኔን ዘጋች፣ የኋላዎቹን ዘጋች።

"በነዝር አይቀለድም" አለች። "ያላ።"

አፌን ከፈትኩ፤ መጀመሪያ የወጣው ለቅሶ ነው። ማዳም ጠበቀችኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋ፣ እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያለ ፎጣ፣ ያለ ድስት፣ እህቴ ደብረ ብርሃን ድረስ የምትሰማኝ እስኪመስለኝ እልል አልኩ። ከጎናችን ያለው ሹፌር አንገቱን አስግጎ አየን። ማዳም ፊት ለፊቷን እያየች ነበር፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው።

ጨርሼ ዝም ስል ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ አወዛወዘችው።

"ኻላስ?" አለች። ጨረስሽ?

"ኻላስ፣ ማዳም።"

መስኮቶቹን ከፈተችና ነዳችው።